በትሕትና ያመለጠ ጸሎት ቤት

ማንደፍሮ መቀመጥ አይችልም። የጉባኤያችን ሰው ሁሉ ያውቅለታል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ኦክላንድ ውስጥ በተከራየነው አዳራሽ ስብከት ሲጀመር የመጨረሻው ረድፍ ጫፍ ላይ ይቀመጥና ሰባኪው መግቢያውን ሳይጨርስ ተነሥቶ በሩ ጋ ይቆማል። ከዚያ ወንበር ያስተካክላል፣ ውኃ ያቀርባል፣ ውጭ ወጥቶ የቆሙትን መኪናዎች አይቶ ይመለሳል። እንግዳ ሰው አስተናጋጅ ይመስለዋል። አስተናጋጅ አይደለም። እግሩ አላርፍ ብሎት ነው።

ሥራውም እንደ እሱ ነው። ኤመሪቪል ውስጥ ሰው ሳይከፍል የሚሳፈርባትን ሻትል፣ ትንሽ አውቶቡስ፣ ይነዳል። ከባርት ባቡር ጣቢያ ይነሣል፣ በትልልቆቹ ሱቆችና በቢሮዎቹ በኩል ይዞራል፣ ወደ ባርት ጣቢያ ይመለሳል፣ እንደገና ይነሣል። እንዲህ ሲዞር አሥራ አራት ዓመቱ ነው። «የእኔን ያህል የተጓዘ ሰው የለም፤ የትም ግን አልደረስኩም» ይላል እየሳቀ።

ሰው እንዲህ የሚሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ማንደፍሮ ወደዚህ አገር ከመጣ በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ቤት ቀይሯል። ሳን ሆዜ አራት ጊዜ፣ ሄይዋርድ አንዴ፣ ኦክላንድ ስድስት ጊዜ። አንዱ አከራይ ቤቱን ሸጠው። ሌላው ልጁን ሊያስገባበት ፈለገ። አንደኛው ሕንፃ ፈርሶ በቦታው ረጅም አፓርታማ ተሠራበት፤ ማንደፍሮ አፕታውን በሚባለው ሰፈር በኩል ሲያልፍ ሦስተኛውን ፎቅ በጣቱ እያሳየ «መኝታ ቤቴ እዚያ ጋ ነበር፤ አሁን ሰው ይሮጥበታል» ይላል፤ የስፖርት ጂም ሆኗልና። ባለቤቱ ምሥጢር ግድግዳ ላይ ሚስማር መምታት ከተወች ቆይታለች። ፎቶዎቹን በፕላስተር ነው የምታጣብቃቸው። ልጃቸው ዮዲ፣ አሁን ሳን ሆዜ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው፣ ትንሽ ልጅ ሳለች «ቤታችሁን ሳሉ» ተብላ ካርቶኖች ስላ መጥታለች። መምህሯ ሥዕሉ ያላለቀ መስሏት ነበር።

ስለዚህ ማንደፍሮ ቤት መግዛት ፈለገ። ሪልተሩ፣ ቤት ሻጭና ገዢን የሚያገናኘው፣ ከጉባኤያችን ወጣቶች አንዱ ህዝቅያስ ነው፤ ጨዋታ የሚችል፣ ስልኩ ከጆሮው የማይወርድ ልጅ። በአቅማቸው የሚገኝ ቤት ያለው ራቅ ብሎ ነውና አንቲዮክ ወሰዳቸው፣ ትሬሲ ወሰዳቸው፣ ስቶክተን ወሰዳቸው። ማንደፍሮ ሁሉንም ቤት በአምስት ደቂቃ አይቶ ይወጣል። «ምን ጎደለው?» ሲሉት አያውቅም። «ደህና ነው። ግን ይኼም የሚለቀቅ ይመስላል» ይላል።

ባለፈው መስከረም አንድ ቅዳሜ እሱና ምሥጢር ከስቶክተን ሲመለሱ አውራ ጎዳናው በአደጋ ተዘጋ። የስልኩ ካርታ በሳክራሜንቶ ወንዝ ዳር በሚሄድ ጠባብ መንገድ አዞራቸው። ወንዙን ከሰዉ የሚለየው ከፍ ተደርጎ የተከመረ የአፈር ግድብ ነው፤ መንገዱ በግድቡ አናት ላይ ይሄዳል። በቀኝ ውኃው፣ በግራ፣ ከውኃው ዝቅ ብሎ፣ የፍራፍሬ ዛፎችና የሰው ጣራዎች። ማንደፍሮ ኋላ ሲነግረኝ «ወንዝ ከቤት ጣራ በላይ ሲሄድ አይቼ አላውቅም። ጀልባ በሰው ራስ ላይ ያልፋል እኮ!» አለኝ። ምሥጢር አጠገቡ እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

መንደሩ ፒር ላንዲንግ ይባላል። አንድ መንገድ፣ አንድ ፖስታ ቤት፣ አንድ ግሮሰሪ፣ ከሰባ የማይበልጡ ቤቶች። በመጨረሻው ላይ ነጭ ቀለሙ የተላላጠ የእንጨት ጸሎት ቤት ቆሟል። መስኮቶቹ ወደ ላይ ሾል ሾል ያሉ ናቸው፤ ትንሽ የደወል ማማ አለው፣ ደወሉ የለም። በሩ አጠገብ የተለጠፈው የነሐስ ጽሑፍ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት የአካባቢው ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች እንደ ሠሩት፣ በቅርስነትም እንደ ተመዘገበ ይናገራል። አጥሩ ላይ «ይሸጣል» የሚል ሰሌዳ ተንጠልጥሏል።

ማንደፍሮ መኪናውን አቁሞ ወረደ። ሕንፃውን አንድ ጊዜ ዞረው። ደግሞ ዞረው። ምሥጢር ስትነቃ ባሏ ግንባሩን መስኮት ላይ ለጥፎ ወደ ውስጥ ያያል።

«ማንዴ! ምን ሆነህ ነው? መጸዳጃ ቤት ፍለጋ ነው?»

«ቤት አገኘሁ።»

«የቱ?»

«ይኸው።»

«ይኼማ ቤተ ክርስቲያን ነው።»

«ነበር» አላት።

ምሥጢር ከመኪናው አልወረደችም።

እሷና እሱ ያደጉት ደሴ ነው፣ በኦርቶዶክስ ቤተሰብ። ጌታን በእኛ ጉባኤ ያገኙት ትልልቅ ሰዎች ሆነው ነው። ሳምንቱን ሙሉ ክርክር ሆነ። ምሥጢር ከአረጋውያን መጦሪያው ሥራዋ ስትመለስ ይጀመራል።

«ሰው ተጋብቶበታል፣ ልጅ ተባርኮበታል፣ ሬሳ ተሸኝቶበታል። እኔ እዚያ ገብቼ ሽንኩርት ላቁላላ?»

«ምሥጢርዬ፣ ቤተ ክርስቲያን ማለት እኛ ነን። ሕንፃው እንጨት ነው። ስንት ዓመት የሰማነው ይኼንን አይደል?»

«እኔ ሰምቻለሁ። እንጨቱም ግን ብዙ ሰምቷል።»

ቢሆንም አልከለከለችውም። «ሂድና ጠይቅ። እኔ ግን ለማየት አልሄድም» አለችው።

ቤቱን የሚሸጡት የሕንፃው ባለቤት ራሳቸው ናቸው፣ ያለ ወኪል። ሚስ ሎሬይን ይባላሉ፤ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። የመንደሩ ሰው ተመናምኖ ጸሎቱ ሲቀር እሳቸውና ሟች ባላቸው ሕንፃውን ገዝተው ለአርባ ዓመት የአሮጌ ዕቃ ሱቅ አድርገውት ኖረዋል። ህዝቅያስ ለእሑድ ጠዋት ቀጠሮ ያዘ፤ ራሱ ግን በዚያው ሰዓት ሳኒቬል ለመሐንዲሶች ቤት ማሳየት ነበረበት። «ጋሽ ማንደፍሮ፣ እርስዎ ማየት ብቻ ነው። ምንም ነገር አይፈርሙ፣ ቀሪውን ለእኔ ይተዉት» ብሎ አስጠነቀቀው። ማንደፍሮ ዮዲን ይዞ ሄደ። መንገዱን ሁሉ «አባ፣ ፈተና አለብኝ፣ ሲሪየስሊ» ስትለው ነበር።

ሚስ ሎሬይን አጭር ነጭ ፀጉር ያላቸው፣ የጎማ ቦት የተጫሙ ቀጭን ሴት ናቸው። በሩን ከፈቱላቸው። ውስጡ እንደ ጀልባ ሆድ ነው፤ ከወለል እስከ ጣራ ቀይ እንጨት። ሁለት አግዳሚ ወንበሮችና አንድ የብረት ምድጃ ቀርተዋል። በጎን በኩል ያለችውን ጠባብ ክፍል ሟቹ ባላቸው ወጥ ቤትና መታጠቢያ አድርገዋታል። ማንደፍሮ መሐል ቆመ። ዮዲ እንደ ነገረችን አባቷ እዚያ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሳይንቀሳቀስ ቆሟል። «ፎቶ አንሥቼዋለሁ፣ ማንም አያምነኝም ብዬ።»

«ምን ልታደርግበት ነው?» አሉት ሚስ ሎሬይን በእንግሊዝኛ።

«ልኖርበት።»

«ያ ብቻ?»

«ያ ብቻ።»

ሴትዮዋ ሳቁ። «ሁሉም የሚመጣው በዕቅድ ነው። ከእናንተ ቀጥሎ የሚመጡት ባልና ሚስት የወይን ጠጅ መቅመሻ ሊያደርጉት ነው። ደህና ልጆች ናቸው፣ ደግሞም ይቸኩላሉ።» ጣራውን ቀና ብለው አዩ። «ስማ፣ አንተን ወድጄሃለሁ። የጠየቅሁትን ዋጋ አውቀሃል። ከፈለግኸው ያንተ ነው። እነሱን አላነጋግርም። ትፈልገዋለህ?»

ማንደፍሮ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፣ አንገቱን ሰበረ። «ኧረ አይሆንም፣ አይሆንም! እንዲህማ አይደረግም። ሰዎቹ መንገድ ጀምረዋል። መጀመሪያ እነሱን ያነጋግሩ፤ በእኛ አይጨነቁ።»

ሚስ ሎሬይን ፊቱን አዩት። «እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«እሺ» አሉና ወደ በሩ ሸኟቸው።

እኛ ይህንን ማንም ሳያስተምረን እናውቀዋለን። ሲሰጡት ዘሎ የሚቀበል ሰው ስስታም ነው። ብላ ሲሉት «በልቻለሁ» ይላል፣ ደግመው ሲሉት «ጠግቤያለሁ» ይላል፣ በሦስተኛው «በሞቴ!» ሲሉት ይቆርሳል። ማንደፍሮም ሁለቱን ጨርሶ ሦስተኛውን ይጠብቅ ነበር። በሩ ላይ ትንሽ ቆየ። አጥሩ ጋ ደግሞ ቆመ፤ የጫማውን ማሰሪያ ፈትቶ አሰረ። ከኋላው የሚጠራው ድምፅ አልነበረም። በሩ ተዘጋ።

መኪናው ውስጥ ገብተው ግድቡ ላይ እንደ ወጡ ዮዲ ዘወር ብላ አየችው።

«ታዲያ ለምን እምቢ አልካት?»

«ማን? እኔ?»

«አባ! ትፈልገዋለህ ወይ አለችህ፤ ኖ፣ ኖ አልክ። ሁለቴ!»

«ያ እምቢ ነው እንዴ? ወግ ነው እንጂ።»

«እሷ ወግ ምን እንደሆነ አታውቅማ!»

ማንደፍሮ የመኪናውን ፍጥነት ቀነሰ። «እዚያው እያለን ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስትራቴጂ መስሎኝ። ዋጋ ልታስቀንስ መስሎኝ እኮ ነው፤ እንዲያውም ጎበዝ ብዬ ነበር።»

«እግዚኦ!»

«ተመለስ። ጀስት ተርን አራውንድ። ፈልጌ ነው በላት።»

ማንደፍሮ ጥግ ይዞ ቆመ። ሞተሩን አላጠፋም። ከፊቱ ወንዙ በቀስታ ይሄዳል፤ ከበታቹ የመንደሩ ጣራ ይታያል። አሥር ደቂቃ አይፈጅም ነበር ተመልሶ ለመናገር። ነገር ግን ከመንገድ ተመልሶ «ቅድም ሰጠሁህ ያሉኝን ይስጡኝ» ማለት ከመጀመሪያውም ባሰበት። ምን ዐይነት ሰው ይሉኛል? ደግሞ ሌሎቹ ሰዎች ደርሰው ቢሆንስ? በሰው ፊት? «ነገ ህዝቅያስ ያስተካክለዋል» አለና ጉዞውን ቀጠለ። ዮዲ እጇን አጣጥፋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ሰኞ በምሳ ሰዓት፣ ሻትሏን ጣቢያው ጋ አቁሞ ሳለ፣ ህዝቅያስ ደወለ።

«ጋሽ ማንደፍሮ፣ ተቀምጠዋል?»

«እኔ መቼ ተቀምጬ አውቃለሁ? ተናገር።»

«ሚስ ሎሬይን ትናንት ማታ ከወይን ጠጅ ሰዎቹ ጋር ፈርመዋል። ሴትዮዋን ኮል አድርጌ ነበር፤ ‹ደንበኛህ አልፈልግም ብሎኛል› አሉኝ። እኔ በሪልተርነት ዘመኔ ሰው በክሬዲት ቤት ሲያጣ አይቻለሁ፣ በባንክ ብድር ሲያጣ አይቻለሁ። በትሕትና ቤት ያጣ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት።»

ማንደፍሮ አልሳቀም። ህዝቅያስም ገባውና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ መንገድ አለ። ባክአፕ ኦፈር ይባላል። የመጀመሪያዎቹ ቢተዉት ተራው የእርስዎ እንዲሆን ቀድሞ መመዝገብ ማለት ነው። ግን እሳቸው አልተቀበሉኝም። የማይፈልገውን ሰው ለምን እጽፋለሁ ነው የሚሉት።»

«ምን ልሁን ታዲያ?»

«ራስዎ ሄደው ይንገሯቸው። በእኔ አፍ አይሆንም።»

ማንደፍሮ ሦስት ቀን አልሄደም። ሦስቱንም ቀን ግን አላረፈም። ማክሰኞ አንድ ፌርማታ ሳያቆም አልፎ፣ ከኋላ አንዲት ሴት «ሰውዬ! ሰውዬ!» እያለች ስትጮህ ነው የባነነው፤ በሥራው እንዲህ ያለ ስሕተት ሠርቶ አያውቅም። ቤት ሲገባ ያለ ነገሩ መሳቢያ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ምሥጢር ታየዋለች፤ «በቃ ጌታ ዘጋው» ብትለው ደስ ባላት፣ ግን ፊቱን አይታ አላለችውም።

ሐሙስ ፈቃድ ወስዶ ብቻውን ነዳ። መንገዱን ሁሉ ጮክ ብሎ ይለማመድ ነበር። «እፈልገዋለሁ።» በእንግሊዝኛ ሁለት ሦስት ቃል ነው፤ አፉ ግን በልመና ያሽሞነሙነዋል። ካላስቸገርኩ፣ ከተቻለ፣ ምናልባት። እንደገና። «እፈልገዋለሁ።» ነዳጅ ሳያስፈልገው ነዳጅ ማደያ ቆመ። ግድቡ ላይ ከደረሰ በኋላም አንድ ጊዜ መንደሩን አልፎ ሄዶ ተመለሰ።

ሚስ ሎሬይን ደጁ ላይ የረገፈ ቅጠል ይጠርጉ ነበር። ሰላምታ እንኳን በወጉ አላቀረበም።

«እፈልገዋለሁ» አላቸው። «ያን ቀንም እፈልገው ነበር።»

መጥረጊያቸውን አቆሙ። «ታዲያ ለምን አይሆንም አልከኝ?»

ማንደፍሮ አስረዳ። ስለ ሦስቱ ጊዜ፣ ስለ «በሞቴ»፣ ስለ ጫማው ማሰሪያ። ይስቃሉ ብሎ ነበር። አልሳቁም።

«እኔ ምን እንዳሰብኩ ታውቃለህ?» አሉት። «ቆመህ ያን ያህል ደቂቃ ስታየው የወደድከው መስሎኝ ነበር። ከዚያ አይሆንም ስትለኝ፣ አሮጌ ነገር ናቀ፣ ለእኔም አዝኖ ዘወር አለ ብዬ አሰብኩ። ባሌ እነዚህን ሰሌዳዎች አንድ በአንድ ነው ያደሳቸው። የዚያን ቀን ከፋኝ። ልጆቹ ሲመጡ ሳላስብ ፈረምኩላቸው።»

ማንደፍሮ ይህንን ሲነግረኝ ዐይኑ ውኃ አቀረረ። ለማክበር ብሎ ያደረገው ነገር አንዲትን አሮጊት አስከፍቷል። እኔም ከዚያ ቀን በኋላ ሰው ሲሰጠኝ የምመልሰውን ነገር ማሰብ ጀምሬአለሁ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላቸው።

«አድርጌአለሁ። ግን ፈርሜአለሁ። ቃሌን አልበላም።»

«አይብሉ። እነሱ ቢተዉት ግን እኔ አለሁ። እፈልገዋለሁ።»

«አሁን ሰማሁህ» አሉት፤ ወደ ቤት ገብተው ስሙን ጻፉ። ህዝቅያስም በማግሥቱ ወረቀቱን በወጉ አስፈረማቸው።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ፤ ለማንደፍሮ ከሁሉ የከበደው ይሄ ነው። ሰዎቹ ሕንፃውን ለማስመርመር አንድ ወር ነበራቸው። ረቡዕ ረቡዕ የጸሎት ፕሮግራም አለን። ማንደፍሮ ሌላ ጊዜ ሲጸልይ «ፈቃድህ ከሆነ» ብሎ ይጀምርና እዚያው ላይ ይጨርሳል፤ የሚለምነውን ነገር እንኳን በቅጡ አይጠራውም። በዚያ ወር በአንደኛው ረቡዕ አጠገቤ ቆሞ «ጌታ ሆይ፣ ያንን ቤት እፈልገዋለሁ» ሲል ሰማሁት። ከዚያም ቀጠለ፤ «እነዚያም ልጆች እንዳይከፋቸው። ለእነሱም የሚሻል ስጣቸው።» በእሱ ፈንታ እኔ አሜን አልኩ። ሰው በሌላው ላይ ክፉ ሳይመኝ የራሱን እንዲህ መለመን እንደሚችል አላውቅም ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ህዝቅያስ ደወለ። ባልና ሚስቱ ወንዙን የሚያሳይ ሰፊ የመስታወት በር ሊከፍቱ አስበው ኖሯል። ሕንፃው ቅርስ በመሆኑ የውጭ ገጽታው አይነካም ተባሉ። በሩም፣ መስኮቱም፣ ማማውም እንዳለ ነው የሚቆየው። ትተውት ሄደዋል፤ ሌላ ቦታም አግኝተዋል ተባለ።

«የእርስዎ ተራ ነው» አለው። «ባንኩ ተስማምቷል። ለክሎዚንግ፣ ለመጨረሻው ውል፣ የቀረው የሁለታችሁ ፊርማ ነው። የእርስዎና የእትዬ ምሥጢር።»

የእትዬ ምሥጢር። ማንደፍሮ ከሴትዮዋ፣ ከሰዎቹ፣ ከባንኩ ጋር ሲታገል ይህቺን ነገር ወደ ጎን አድርጓት ነበር። ምሥጢር አንድ ቀን እንኳን ውስጡን አላየችም። የዚያን ዕለት እራት ላይ ወረቀቱን አላወጣም። ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ ደግሞ ተነሣ።

«ማንዴ፣ ወለሉን ጨረስከው እኮ» አለችው። «ልትጠይቀኝ የፈለግከውን ጠይቀኝ።»

«እፈልገዋለሁ» አላት። «አንቺ ካልፈለግሽው ግን አልገባበትም። ሌላ ጊዜ እሺ የምትዪው ለእኔ ብለሽ ነው። ይሄኛውን ለእኔ ብለሽ አትፈርሚ።»

ምሥጢር ሹካዋን አስቀመጠች። ሃያ አምስት ዓመት በትዳር ኖረው እንዲህ አውጥቶ ተናግሯት አያውቅም። «ቅዳሜ ውሰደኝ» አለች።

ቅዳሜ ሄዱ። ኅዳር ነበርና ዛፎቹ ቅጠል የላቸውም፤ ወንዙ ወፍራም ሆኗል። ሚስ ሎሬይን ቁልፉን ሰጥተዋቸው «እኔ ውጭ እሆናለሁ» አሉ። ምሥጢር በሩ ጋ ስትደርስ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች። ለምን እንዳወለቀች የታወቃት አይመስልም፤ እግሯ ያስታወሰው ነገር ነው። ማንደፍሮም የራሱን አወለቀ።

ቀስ ብላ ሄደች። ግድግዳውን በእጇ መዳፍ ዳበሰችው። መጨረሻ ላይ፣ ወለሉ አንድ ደረጃ ከፍ ከሚልበት ፊት ለፊት፣ ቆመች። እዚያ ጋ ሰሌዳዎቹ ከዳር እስከ ዳር ሁለት ሁለት ሆነው ጎድጎድ ብለዋል፤ ሰው በዘጠና ዓመት ውስጥ ተንበርክኮ በጉልበቱ የሠራቸው ጉድጓዶች ናቸው። ጎንበስ ብላ አንዱን ነካችው። ማንደፍሮ ከኋላዋ ነበር፤ ከአንድ እግር ወደ ሌላው ይቀያይራል።

«እዚህ ላይ አልጋ አይገባም» አለች።

«አይገባም።»

«ቴሌቪዥንም።»

«ቴሌቪዥንም አይገባም።»

«እኔ መጦሪያው ውስጥ የማጥባቸው አሮጊቶች እንዲህ ዐይነት ጉልበት ነው ያላቸው» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር። «አንዷ እስከ ዛሬ ካላንበረከክሽኝ ትለኛለች።» ቀና አለች። ከፍ ብሎ የሚታየውን ጣራ አየች፣ ምድጃውን አየች፣ በጎን ያለችውን ጠባብ ክፍል ከፍታ አየች፣ ዘጋች፣ እንደገና ከፈተች። ማንደፍሮ «እፈልገዋለሁ» ማለትን ተምሯል፤ ሌላው ሰው እስኪለው መጠበቅን ግን ገና አልተማረም። አፉን ከፈተ።

«ዝም በል» አለችው። «እያሰብኩ ነው።»

ወጥ ቤቱን አየች፤ ቧንቧውን ከፍታ ውኃው እስኪጠራ ጠበቀች። መስኮቱን ገፋ ገፋ አደረገች። ተመልሳ መጥታ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ፊቱ ቆመች።

«ልብስ ማጠቢያው የት ሊገባ ነው?»

ማንደፍሮ ይህንን አላሰበበትም። ሁሉን አስቧል፣ ይሄንን አላሰበም። ወደ ጠባቧ ክፍል ሮጠ፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በባዶ እግሩ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ለካ።

«ከበሩ ኋላ ይገባል!» ብሎ ጮኸ። «ምሥጢርዬ፣ ይገባል! ግን በሩ በደንብ አይከፈትም።»

«በሩን በሌላ በኩል እንዲከፈት እናደርገዋለና» አለች። «የውስጡን በር ማንም አይከለክለንም።» ከዚያም ሚስ ሎሬይንን ሜትር ለመጠየቅ በባዶ እግሯ ወደ ደጅ ወጣች።